መጽሐፉ ለልጁ ነው ወይስ ለቁም ሣጥኑ?

«የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም» የሚል ወቀሳ በመምህራን ማረፊያ፣ በወላጆች ስብሰባና በየቡናው ተደጋግሞ ይሰማል። ወቀሳው ቀላል ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ልጁ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ነገር ግን ወጡን ራሱ ሳይቀምስ «እንግዳው አልበላልኝም» ብሎ የሚያማርር ባለቤት ቢኖር ሰው ይታዘበዋል። እስቲ በዚህ ዕትም ልጆቹን ለጊዜው እንተውና ወጡን እንቅመስ። እዚህ ካኩማ ውስጥ በትምህርት ቤትና በቤት ለልጅ የሚቀርበው መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው? የሚቀርበውስ እንዴት ነው? ይህ ጽሑፍ መጻሕፍቱንም አቅራቢዎቹንም የሚመለከት ትችት ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን በቅድሚያ እንናገር። ልጅ ትምህርት ቤት ገባ ማለት ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም። በ2010 በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች የተፈተኑት በገዛ አገራቸውና በሚማሩበት የአገር ቤት ቋንቋ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ልጁ ቤቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛ ወይም ሶማልኛ ሲያወራ አድሮ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛና ኪስዋሂሊ ይጠብቁታል። በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ተማሪ ማየት ብርቅ አይደለም። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ በእጅጉ ከተቀነሰ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ከበፊቱ ይልቅ ከባድ ሆኗል። ማንበብ ያልለመደ ልጅ ከፍ ያለው ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም አንድ ላይ ይዘጉበታል። በካምፕ ኑሮ ደግሞ ከትምህርት ሌላ ያሉት በሮች ስንት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

በመደርደሪያው ላይ ያለው

በትምህርት ቤቶቻችን የሚገኙትን መጻሕፍት በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን።

አንደኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ስለ እሱ ብዙ አንልም። የተሠራው ለትምህርትና ለፈተና ነው፤ ሥራውንም ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ልጁ በእሱ ብቻ የንባብ ፍቅር እንዲያድርበት ሲጠበቅ ነው። በየገጹ ግርጌ ጥያቄ የተደረደረበትን መጽሐፍ ለደስታው ብሎ ሁለተኛ የሚገልጥ ልጅ ማን አይቷል?

ሁለተኛው በካርቶን ተጭኖ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የልገሳ መጽሐፍ ነው። በዚህ ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ትችት «ስለ በረዶና ስለ ገና ዛፍ ለቱርካና በረሃ ልጅ ምን ይሠራለታል?» የሚል ነው። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ልጅ ያላየውን ነገር ይወዳል። ዳይኖሰር የተባለውን አውሬ ማናችንም አላየነውም፤ ሆኖም የዳይኖሰር ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪገነጠል ሲገለጥ እናያለን። እንግዳነቱ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ ገጹ በጥቃቅን እንግሊዝኛ የታጨቀ መሆኑና ልጁን እጁን ይዞ የሚያሻግረው ሰው አለመኖሩ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ለሦስተኛ ክፍል ሲታደል ልጁ ሥዕሉን አይቶ ይመልሰዋል። እኛም «ይኸው፣ ማንበብ አይወድም» እንላለን።

ሦስተኛው በየቋንቋዎቻችን የተጻፈ ወይም የተተረጎመ ትንሽ የተረት መጽሐፍ ነው። ከሁሉ ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው፤ ስለዚህም ትችታችን እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። ሁለት በሽታዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ድርቅ ያለ ትርጉም ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን እኛው ያቀናበርነውን እንይ፦ «አንድ ጊዜ በአንድ ትንሽ መንደር ውስጥ አንድ ደስተኛ ልጅ ትኖር ነበር። እሷ የእሷን እናት በጣም ትወድ ነበር።» ፊደሉ አማርኛ ነው፤ አጥንቱ ግን አይደለም። ይህንኑ አንዲት አያት ብትናገረው «ተረት ተረት!» ብላ ትጀምራለች፤ ልጆቹም «የመሠረት!» ብለው ይቀበሏታል። ከዚያ «ድሮ አንዲት ልጅ ነበረች አሉ፤ እናቷን ስትወድ ለጉድ ነው» ትላለች። ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን ቋንቋ ወረቀት ላይ ካላገኘው ፊደል ቆጥሮም ቢሆን ቤት የገባ አይመስለውም። በኦሮምኛም ሆነ በኑዌርኛ ነገሩ ያው ነው።

ሁለተኛው በሽታ ስብከት ነው። ታሪኩ ገና ሳይሞቅ ምክሩ ይመጣል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» ይላል። ልጁ ይኼኔ ፈተና መሆኑ ይገባዋል። «ታዲያ ምክር ክፉ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው ምክር ሞልተዋል፤ ከውጭ አገር ተረቶችም ጭምር ወስደዋል። ሆኖም ስንኙ ለጆሮ ስለሚጥም ትውልድ በቃሉ ይዞታል። ልጁ መጀመሪያ የያዘው ዜማውንና እንስሶቹን ነው፤ ምክሩ በኋላ፣ ምናልባትም ካደገ በኋላ የሚደርስ ነው። እንግዲህ ምክር ታሪክን ተከትሎ ሲመጣ ያምራል፤ ታሪኩ የምክር አህያ ሲሆን ግን ልጁ ከሩቁ ያውቀዋል።

የማሞ ቂሎ መጽሐፍ

ከእነዚህ በሽታዎች ያመለጠ መጽሐፍ ጥቀሱ ብንባል «ሲሊ ማሞ» የተባለውን እንጠቅሳለን። ያሳተሙት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሥዕሉ የቦጋለ በላቸው ነው። በ2002 የወጣው ይህ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ላይ የተጻፈ ነው።

የአሳታሚው ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። አቶ ዮሐንስ ከኢትዮጵያ ወጥተው በስደተኝነት አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በብዙ ቋንቋዎች ከተጻፉት የልጆች መጻሕፍት መካከል የአማርኛው አለመኖሩን አዩ። ኋላም «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር መሥርተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ፣ በራሳቸው መኖሪያ ቤት ምድር ቤት፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆይቶም በአዋሳ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን በየዓመቱ ከሚመርጣቸው አሥር ጀግኖች አንዱ ሆነው ተመርጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስገርመን አንድ ነገር ነው። እኚህ ሰው ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የያዙት በ19 ዓመታቸው ነው። መጽሐፉም «ላቭ ኪተን» የተባለ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ብዙዎቻችን ተማሪ እጅ ላይ ብናየው «ይኼ ምን ይጠቅምሃል?» ብለን የምንቀማው ዓይነት። ከዚያ ተራ መጽሐፍ የተነሣ ሰው ግን ለብዙ ሺህ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። የንባብ ፍቅር የሚጀምረው ሁልጊዜ እኛ ከመረጥነው ጠቃሚ መጽሐፍ አይደለም ማለት ነው።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ማሞ ቂሎን ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን። እናቱ የምትነግረውን ቃል በቃል እየፈጸመ፣ ምክሩን ካለ ቦታው እያዋለ የሚሳሳት፣ በመጨረሻ ግን ዕድል የሚቀናው ልጅ ነው። ይህ ታሪክ ለጀማሪ አንባቢ የሚስማማበት ምክንያት አለ። ስህተቱ በአንድ መልክ እየተደጋገመ ስለሚሄድ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፤ ገምቶ ሲያገኘው ይስቃል፤ «እንደገና!» ይላል። መገመት ደግሞ የማንበብ ግማሹ ነው። ሁለተኛ፣ ማሞን ማንም አይሰብክበትም። ሦስተኛውና ለእኛ ዋነኛው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ መኖራቸው ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ እናት ፊደል ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ግን አታውቅም፤ ልጇ እንግሊዝኛውን ይኮላተፋል፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ይሆናል።

ጉድለትስ የለውም? አለው። ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ ሲቀመጥ ጽሑፉ ይበዛል፤ ብቻውን ለሚያነብ ጀማሪ ይከብዳል። ልጁም የለመደውን ቋንቋ ብቻ እያነበበ ሌላውን ሊዘለው ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ ከጎኑ ሰው ይፈልጋል። የስሙም ነገር አለ፤ መቶ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል «ማሞ ቂሎ» ተብሎ ሲነበብ፣ ማንበብ ያቃተው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ያንን ስም ሊሸከም ይችላል። ጎበዝ መምህር ይህን ቀድሞ ያስባል፤ በመጨረሻ ዕድል የቀናው ማሞ መሆኑን አንስቶ ልጆቹን ያስቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጽሐፉ ለአኝዋኩ፣ ለኑዌሩና ለሶማሌው ልጅ አይደርስም። ለእነሱም በየቋንቋቸው የሚያስቅ ማሞ ያስፈልጋቸዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2014 የተጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ለዚህ አንድ መንገድ ከፍቷል፤ ታሪኮቹን ማንም በነፃ ማተምም ወደ ቋንቋው መመለስም ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ጎበዝ ተማሪና አንድ ጆሮ ያላቸው አያት ካሉ ትርጉሙን ማቃናት ይቻላል።

ክፍል ውስጥ

መልካም መጽሐፍ ቢገኝስ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፍ ተቆልፎበት። መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። መጽሐፉን የተረከበው በፊርማው ነው፤ ቆጣሪ ሲመጣ የጠፋው ይጠየቅበታል፣ ያልተነበበው ግን ማንም አይጠይቅበትም። እንዲህ ያለ ሥርዓት መምህሩን ዘበኛ ያደርገዋል። ተቆጣጣሪዎች «ስንት መጽሐፍ አላችሁ?» ከማለት አልፈው «ስንት ጊዜ ወጣ?» ብለው ቢጠይቁ ቁልፉ በራሱ ይላላል።

የአነባበቡም ነገር እንዲሁ ነው። ልጁ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደዋል፤ መሐል ላይ ያለችውን «ኖ» ነጥለው ቢያሳዩት ግን ዝም ይላል። ዜማውን ነው የሚያውቀው፣ ፊደሉን አይደለም። በእንግሊዝኛውም ፖም በልቶ የማያውቅ ልጅ «ኤ ፎር አፕል» እያለ ይጮሃል። ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጣት ሆኗል፤ «አንተ የምታወራው፣ ተነሥና አንብብ!» ይባላል። ልጁ ይነሣል፣ ይንተባተባል፣ ይሳቅበታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው ያንን ሳቅ ነው።

«መቶ ልጅ ይዘን፣ መጽሐፉም አንድ ሆኖ ምን እናድርግ?» የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ ለመቶ ልጅ የሚበቃበት አንድ ዘዴ አለ፤ መምህሩ ራሱ ማንበብ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት፣ ድምፁን እየለዋወጠ፣ አያ ጅቦን እንደ ጅብ፣ ጦጣን እንደ ጦጣ። ጥያቄ የለም፣ ማርክ የለም። የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ልጆች ባሉበት ክፍል አንዱ ተማሪ ለጓደኞቹ እያስተረጎመ ሊሄድ ይችላል። ታሪኩን በጣፈጠበት ቦታ ላይ አቁሞ «ነገ እንቀጥላለን» ማለት የሚያውቅ መምህር፣ በነጋታው ቀሪ ተማሪ ይቀንስለታል።

ቤት ውስጥ

ወላጅ «እኔ አልተማርኩ፣ ምን ላግዘው?» ሲል እንሰማለን። ማገዝ ማለት ማስተማር ብቻ አይደለም፤ መስማትም ነው። «እስቲ አንብቢልኝ» የሚል አባት ፊደል ባይቆጥርም ለልጁ ትልቅ ነገር ሰጥቷል። ማንበብ የሚያስከብር ነገር መሆኑን ከቤቱ አየች።

ቡናችንንም እናስብ። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለአንድ አጭር ታሪክ ይበቃል። በዚያች ሰዓት አንድ ልጅ ቢያነብ፣ ጎረቤቱም ቢያዳምጥ፣ በረካው ላይ አያት የራሳቸውን ተረት ቢጨምሩበት፣ ልጁ ደግሞ ያንን በደብተሩ ቢጽፈው፣ ማተሚያ ቤት ሳንሄድ መጽሐፍ አገኘን ማለት ነው። የራስን አያት ተረት በራስ እጅ ጽሑፍ ማንበብን የሚያህል የንባብ ትምህርት የለም።

የሴት ልጆች ነገር ግን ለብቻው መነሣት አለበት። ወንዱ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሜዳ ሲሄድ እሷ ጄሪካን ይዛ ውሃ ትሰለፋለች፤ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ታናናሾቿ። ማታ ስትቀመጥ መብራት የለም ወይም የሶላሩ ተራ የወንድሟ ነው። «ሴቶች በንባብ ውድድር አይሳተፉም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ጊዜውን ማን እንደወሰደባት እንጠይቅ። ወላጆች ግማሽ ሰዓት ይስጧት፤ የሶላሩም ተራ በእኩል ይሁን። ትምህርት ቤቱም ትንንሾቹን መጻሕፍት ይስጣት፤ የውሃ ወረፋ ላይ ቆማ ለታናሿ ታነብለታለች።

ሰፈሩ

ሰፈራችን የንባብ ወግ የሌለው አይደለም። ዳዊት የደገሙ አባቶች አሉ፤ ቁርአን የቀሩ ሼኾች አሉ። በሁለቱም ቤት ልጅ ፊደል የሚለየው ጮክ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ ከታላቁ ልጅ አፍ እየተቀበለ ነው። ታላቁ ታናሹን ማስነበቡ ለክፍሎቻችን ሊወሰድ የሚገባው ጥበብ ነው። አለንጋው ግን እዚያው ይቅር።

በሌላ በኩል የንባብ ቀን እየተባለ የሚከበረውን በዓል እንታዘባለን። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ልጆች አዲስ መጽሐፍ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከፎቶው በኋላ መጽሐፉ ይሰበሰባል። ልጁ ከዚያ ቀን የሚማረው መጽሐፍ የእንግዶች መሆኑን ነው። በዓሉን አንቃወምም። ግን ያ ቀን ልጆች መጽሐፍ ወደ ቤት ይዘው የሚሄዱበት የመጀመሪያው ቀን ይሁን።

ከአገሩ ኑሮ ጋር የሚሄድ አሠራር እዚሁ ኬንያ ውስጥ አለን። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1996 በጋሪሳ የግመል ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። አንዱ ግመል መጻሕፍቱን፣ ሌላው ድንኳኑን ተሸክሞ መጽሐፍ ወደሌለበት ወደ አርብቶ አደሩ ሰፈር ይሄዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጁ ወደ መጽሐፉ ካልመጣ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ። እኛ ግመል አያስፈልገንም። ካኩማ ውስጥ አንድ ብስክሌትና አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ከብሎክ ብሎክ ይዞራሉ። ልጆች የሚሰበሰቡበትን ቦታ እናውቃለን፤ የውሃ ቧንቧው ጋ፣ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ። ሣጥኑ እዚያ ይሂድ።

በምን እንመዝነው?

የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እስካሁን የንባብ ሥራችንን የምንመዝነው በመጽሐፉ ቁጥርና ንጽሕና ነው። ሪፖርቱ «ይህን ያህል መጽሐፍ በመልካም ሁኔታ ይገኛል» ይላል። ለእኛ ግን ከአንድ ዓመት በኋላም አዲስ የሆነ የልጆች መጽሐፍ የሚያኮራ አይደለም፤ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ማዕዘኑ የታጠፈ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ፣ የሽሮ ወጥ ጠብታ ያለበት መጽሐፍ ግን ሥራውን ሠርቷል። ለቀጣዩ ጊዜ ምን ዓይነት መጽሐፍ መጠየቅ እንዳለብን የሚነግረንም እሱ ነው። ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው መርጠውልናልና።

ስለዚህ ውድ መምህራን፣ በዚህ ተርም ቢያንስ አንድ የተረት መጽሐፍ ከቁም ሣጥን አውጡ፤ አንብቡላቸው፤ ከዚያ ተራ በተራ ወደ ቤት ይውሰዱት። የሚወስደውን ልጅ ስም የሚመዘግብ አንድ ተማሪና አንድ ደብተር ይበቃል። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም ያልወደዳችሁትን መጽሐፍ አልወደድነውም በሉ፤ ለምን እንዳልወደዳችሁት ንገሩን። ይህም ትችት ነው፣ ነውር የለበትም። በተርሙ መጨረሻ ደግሞ በትምህርት ቤታችሁ ከሁሉ ይበልጥ የተቀደደውን መጽሐፍ ስም ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ዕትም ዝርዝሩን እናወጣለን።